ለሠፈሩ የጓሮ አትክልት ማስተማር የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ

በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ነው። ከቤታችን አጥር ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት የተከሉት ቲማቲም ቅጠሉ ከሥር ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ስላስቸገራቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የምትማረው እርሻ አይደለም ወይ? እስቲ ይህን ነገር እይልኝ» ብለው ጠሩኝ። በዚያው ሰሞን ስለ ተክል ምግብ የተማርሁት ትምህርት በአእምሮዬ ትኩስ ነበርና ወደ ጓሮው እንኳ ሳልዘልቅ፣ በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ ተመለከትሁና «ናይትሮጅን አንሶት ነው እትዬ፤ ጥቂት ዩሪያ ጣል ቢያደርጉበት ይመለሳል» አልኋቸው። መጽሐፉ በእርግጥ እንዲህ ይላል፤ ናይትሮጅን ያነሰው ተክል አሮጌው ቅጠሉ አስቀድሞ ቢጫ ይሆናል። መጽሐፉ ያላየው ግን የእሳቸው ጓሮ አፈር ዋልካ መሆኑን፣ የልብሱን ማለቅለቂያ ውሃ ጧትና ማታ እዚያው ላይ እንደሚደፉት፣ ሥሩም በጭቃ ውስጥ አየር አጥቶ እንደ ታፈነ ነው። እሳቸውም እንደ ምክሬ ዩሪያውን ገዝተው በየግንዱ ሥር አደረጉበት። በሳምንቱ የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደ ነካው ሆነ። ከአሥራ አራቱ ተክል አሥራ አንዱ ደረቀ።

እሳቸው አንድም ቃል አልተናገሩኝም። እንዲያውም በማግሥቱ ለቡና ጠርተውኝ ስለ ፈተናዬ ጠየቁኝ። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ይኸው ነው።

ይህን ማንሣቴ፣ በዚህ ዓመት ከመካከላችን ብዙዎች «በየሠፈራችን የጓሮ አትክልት በነፃ እናስተምር» የሚል አሳብ ይዘው ስለ ተነሡ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ እኔም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን በተደረገው ውይይት ሁሉ ስለ ዘርና ስለ መሣሪያ፣ ስለ ቀኑና ስለ ቦታው ብዙ ሲነገር፣ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ። የምንሰጠው ምክር የተሳሳተ እንደ ሆነ ኪሣራውን የሚከፍለው ማን ነው? መካሪው ቃሉን ተናግሮ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። የደረቀው ተክል፣ የወጣው ገንዘብ፣ ያለፈው የተከላ ወራት ግን የባለ ጓሮዋ ነው። ስለሆነም ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ሥልጠና ዋና ዓላማው ይህን ኪሣራ መቀነስ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያሰቡበት ሰዎች አሉና፣ በመጀመሪያ የእነሱን ታሪክ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር እ.አ.አ. በ1862 በወጣ ሕግ ለየግዛቱ የመንግሥት መሬት እየተሰጠ የእርሻና የእጅ ሥራ ኮሌጆች ተቋቋሙ። ይሁን እንጂ ኮሌጁ የሚያውቀው ነገር ከኮሌጁ አጥር ውጭ ወዳለው ገበሬ ሳይደርስ ብዙ ዘመን አለፈ። ገበሬው ኮሌጁን አላመነውም፤ ላለማመኑም በቂ ምክንያት ነበረው፤ የመምህሩ የሙከራ መሬት ቢከሽፍ የመምህሩ ደመወዝ አይቀርበትም። በ1903 ሲማን ናፕ የተባሉት ሰው ቴክሳስ ውስጥ ቴረል በምትባል ከተማ አጠገብ ያደረጉት ነገር ይህን የገበሬ ጥርጣሬ በቀጥታ የሚመልስ ነበር። ሙከራውን በመንግሥት መሬት ላይ ማድረግ ትተው፣ በአንድ ገበሬ መሬት ላይ፣ በገበሬው በራሱ እጅ እንዲሠራ አደረጉ። የከተማይቱ ነጋዴዎችም ገንዘብ አዋጥተው «በአዲሱ ዘዴ ብትከስር ኪሣራህን እኛ እንከፍላለን» ብለው ዋስ ሆኑት። ገበሬው አልከሰረም፤ አትርፎ ወጣ። በዚያው ሰሞን ጥጥ የሚያጠፋው ጥንዚዛ ከሜክሲኮ ተሻግሮ የቴክሳስን እርሻ ያስጨንቅ ነበርና፣ ወዲያው መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ ማስተማሪያ ገንዘብ መደበ። በ1914 የወጣው የስሚዝና የሌቨር ሕግም የእርሻ ትምህርት ማስፋፊያን በአገሪቱ ሁሉ ቋሚ ሥራ አደረገው።

የናፕን ትምህርት ባጭሩ ብናስቀምጠው፣ ሰው የሰማውንም ያየውንም ሊጠራጠር ይችላል፤ በገዛ እጁ የሠራውን ግን መጠራጠር ያዳግተዋል የሚል ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይነገርለታል። ለእኔ ግን ከዚህ ይልቅ የሚደንቀኝ የነጋዴዎቹ ዋስትና ነው። ምክር ከዋስ ጋር ሲመጣ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጨምር አስቡት።

በዚያው ዘመን በአላባማ ግዛት፣ የተስኪጊ መምህር የነበሩት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የባርነት ልጆች ለሆኑት ድኻ ገበሬዎች ትምህርቱን ወደ ደጃቸው ማድረስ አለብን ብለው ተነሡ። በ1906 ማረሻና ዘር፣ የወተት መናጫና ሌላም መሣሪያ የተጫነበት ሠረገላ ተዘጋጀና ቶማስ ካምቤል የተባለው ወጣት በየመንደሩ ይዞት ዞረ። ሠረገላው «ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት» ተባለ። ገበሬው ወደ ትምህርት ቤት መምጫ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጎማ አወጣ።

ወደ ጓሮ አትክልት ስንመጣ፣ ነገሩ የተጀመረው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ነው። (ዋና ከተማው ዋሽንግተን አይደለም፤ ሲያትል ያለችበት ግዛት ነው።) በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲያትልና በታኮማ ከተሞች የጓሮ አትክልት የሚተክለው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ፣ የዩኒቨርሲቲው የእርሻ ማስፋፊያ ሠራተኞች በስልክ ጥያቄ ተጥለቀለቁ። ጽጌረዳዬ ለምን ጠቆረ፣ ፖሜን ምን በላው፣ ሣሬ ለምን ደረቀ። እነዚህ ሠራተኞች የተቀጠሩት ዋናውን ገበሬ ሊያገለግሉ ነበር። ዴቪድ ጊቢና ቢል ሺር የተባሉት ሠራተኞች ታዲያ አንድ አሳብ አቀረቡ፤ ከከተማው ሕዝብ ፈቃደኞችን መርጠን እናስተምር፤ እነሱም ለትምህርቱ ክፍያ በገንዘብ ፈንታ የተወሰነ ሰዓት ሕዝቡን ያገልግሉ። አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት «ያልተማረ ሰው እንዴት በእኛ ስም ምክር ይሰጣል?» ብለው ተጠራጠሩ። በ1972 በታኮማ በአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ለሙከራ ጠረጴዛ ዘርግተው ቢቀመጡ፣ የታመመ ቅጠል የያዘው ሕዝብ ከበባቸው። ሙከራው ክርክሩን ዘጋውና በ1973 የመጀመሪያዎቹ ፈቃደኞች ሠለጠኑ። ስያሜውን ያገኙት ጀርመኖች ጥሩ አትክልተኛን «ጋርተንማይስተር» ከሚሉት ነው፤ በእንግሊዝኛው «ማስተር ጋርድነር» ተባለ። ዛሬ በአሜሪካ በየግዛቱ ማለት ይቻላል፣ በካናዳም ተስፋፍቷል።

ለእኛ የሚጠቅመው ሥርዓቱ ነው። ትምህርቱ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ዘንድ ግን 40 ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው። ስለ አፈር፣ ስለ ተክል አካል፣ ስለ ተባይና ስለ በሽታ፣ ስለ ፀረ-ተባይ መድኃኒት አያያዝ ይማራሉ፤ ይፈተናሉ። ከዚያ የተማሩትን ያህል ወይም የሚበልጥ ሰዓት በማገልገል ይከፍላሉ። ማዕረጉ ለንግድ አይውልም፤ «የሠለጠንሁ ነኝና ከእኔ ግዙ» ማለት ክልክል ነው። የሚሰጡት መልስ በጥናት የተረጋገጠ መሆን አለበት። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመልስልዎታለሁ» ማለት ግዴታቸው ነው። በብዙ ቦታም የዱር እንጉዳይ ወይም ቅጠል ቢመጣላቸው «ይበላል» ብለው እንዳይፈርዱ ይከለከላሉ፤ በዚህ ነገር የሚደረግ ስሕተት አይታረምምና። እኛም በዚሁ አንጻር ጤና አዳሙንም ዳማ ከሴውንም እንዴት እንደሚተከል እናስተምር፤ ለየትኛው ሕመም እንደሚጠጣ ግን አናስተምር።

አንባቢ ሆይ፣ «ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?» ትል ይሆናል። ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ዝምድና ቅርብ ነው። እ.አ.አ. በ1952 ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት የቆመው የዓለማያ ኮሌጅ የዚያው ዓይነት ኮሌጆች ልጅ ነበር። ማስተማር፣ መመራመርና የተመራመሩትን ለገበሬው ማድረስ፣ ሦስቱም በአንድ ቤት እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። በ1963 ግን ማስፋፊያው ከኮሌጁ ወጥቶ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ለዝውውሩ የአስተዳደር ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሚመራመረውና ወደ ገበሬው ደጅ የሚሄደው በሁለት ቤት አደሩ። ከ2000 በኋላ በሙያ ኮሌጆች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞች ሠልጥነው በየገጠሩ ቀበሌ ተመደቡ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። በከተማም የከተማ ግብርና ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን አንድ ባለሙያ ለስንቱ ጓሮ ይደርሳል? በሲያትል የነበረው ችግር በእኛም ከተሞች አለ። ስለዚህ ፈቃደኛ ተማሪ የባለሙያውን ቦታ ሊወስድ አይመጣም፤ ባለሙያው የማይደርስበትን ጓሮ ሊያይለት፣ ከባዱንም ጥያቄ ሊያመጣለት ይችላል።

እንግዲህ ምን እንማር? አብዛኛው ሰው ከዘር አዘራር ይጀምራል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የታመመን ተክል የመመርመር ትምህርት ነው እላለሁ። ሰው አስተማሪን የሚጠራው ጎመኑ ሲያምር አይደለምና።

መርማሪው በመጀመሪያ ተክሉ ምን እንደ ሆነ፣ በጤናው ጊዜም ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ደህናውን ጠባይ ሕመም አድርገው የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው፤ ድንች ሲደርስ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ቀጥሎ ጉዳቱ በጓሮው ላይ እንዴት እንደ ተዘረጋ ይመለከታል። ጉዳቱ በአንድ መሥመር ያሉትን ሁሉ እኩል ነክቶ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ተወስኖ፣ በአንድ ሌሊትም የደረሰ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሕይወት የሌለው ነገር ነው፤ ውርጭ፣ የውሃ ብዛት፣ ማዳበሪያ፣ ከጎረቤት የተረጨ መድኃኒት፣ የተደፋ የሳሙና ውሃ። እዚህም እዚያም ጀምሮ ከቀን ወደ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛመት ከሆነ ግን ተባይ ወይም በሽታ መጠርጠር ይገባል። የእኔ እናት ቲማቲም አሥራ አራቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ነበር ቢጫ የሆነው። ይህን አንድ ነገር ባስተውል ኖሮ ውሃውን እጠይቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከጫፍ እስከ ሥር ማየት ነው። አሮጌው ቅጠል አስቀድሞ ቢጫ ሲሆን የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ብቻ ሲገረጣ የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። የታፈነ ሥርም፣ በትል የተበላ ሥርም፣ ምግብ በአፈሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሊያነሣው አይችልምና ቅጠሉ ያንኑ መልክ ያሳያል። ስለዚህ ከታመሙት አንዱን ነቅሎ ሥሩን ማየት የግድ ነው። ደህና ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የታፈነው ቡናማ ሆኖ ይልማል፣ ይሸታልም። አንድ ተክል ነቅሎ ማጣት ያሳዝናል፤ አሥራ አንድ ከማጣት ግን ይሻላል። ባለ ጓሮዋን አስፈቅዶ መንቀል እንደሚገባም አይዘነጋ።

የጥያቄውም ቅደም ተከተል ይጠና። መቼ ተተከለ? ችግኙ ከየት መጣ? አምና በዚህ ቦታ ምን ነበር? ውሃ በስንት ቀን ይጠጣል፤ ውሃውስ ከየት ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በአዲስ አበባ ከሁሉ ይከብዳል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጡ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። እንዲህ ያለውን ነገር በይበልጥ የሚያከማቹት ደግሞ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን፣ ማለት ቅጠላቸው የሚበላ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ «ቆስጣ ይትከሉ፣ ለልጆች ጤና ጥሩ ነው» ብሎ የሚያስተምር ፈቃደኛ፣ ቅን ልብ ቢኖረውም፣ ምን እያደረገ እንደ ሆነ አያውቅም።

ስለ አፈር የሚሰጠው ትምህርት ረጅም መሆን የለበትም፤ በእጅ የሚሠራ ይሁን። አፈሩን በመስታወት ዕቃ ግማሽ አድርጎ ውሃ ጨምሮ ደኅና አድርጎ መነቅነቅና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይወርዳል፤ ደቃቁ በሰዓታት፤ ሸክላው እስከ ማግሥቱና ከዚያም በላይ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ባለ ጓሮዋ የገዛ አፈሯ በመስታወት ውስጥ ተደራርቦ ስታየው፣ ዋልካ ውሃ ለምን እንደሚይዝ ማስረዳት አያስፈልግም። ለዋልካ መድኃኒቱ መደቡን ከፍ ማድረግ፣ ፍግና ብስባሽ መጨመር፣ ውሃውን ማራራቅ ነው።

አመድን በሚመለከት አንድ ነገር ላንሣ፤ በየሠፈሩ «አመድ ለአትክልት ጥሩ ነው» ይባላልና። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ደጋ፣ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም አሲዳማ በሆነበት አገር፣ አመድ አሲዱን ስለሚቀንስ በእርግጥ ይጠቅማል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጨውማና አልካላይን አፈር ባለበት ቦታ ግን ያንኑ አመድ መነስነስ በቁስል ላይ ጨው እንደ መጨመር ነው። አንዱ ምክር ነቀምት ላይ ልማት፣ ዝዋይ አካባቢ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ የተማሪ ደብተር ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ሲሄድ ምክሩን ሳይሆን ጥያቄውን ይዞ መሄድ አለበት።

ስለ ወራት ደግሞ እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ የሚያንሳቸው ምክንያቱን ማወቅ ነው። በአዲስ አበባና በመሰሉ ደጋዎች የሐምሌና የነሐሴ ቲማቲም በአንድ ሳምንት ጠቁሮ የሚረግፈው በዋግ ነው። ይህ በሽታ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ የሚነሣ፣ እ.አ.አ. በ1845 በአየርላንድ የድንች ረሀብ ያመጣው ያው በሽታ ነው። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸውና አንዱ ለአንዱ ያስተላልፋል፤ ጎን ለጎን አይተከሉም። ቅጠሉን ከላይ ማርጠብ ያብሰዋል። የታመመውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ወይም አርቆ መቅበር ይገባል። ይህን ምክንያት የተረዳች ሴት ለቆላው ዘመዷም ለደጋው ጎረቤቷም ተገቢውን ምክር ራስዋ ልትሰጥ ትችላለች። «በክረምት ቲማቲም አትትከሉ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ የሰማች ግን የምትይዘው ትእዛዙን ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ትምህርት ደረስን፤ እሱም ፀረ-ተባይ መድኃኒት ነው። በየገበያው ማላታይንና ሌላም መድኃኒት በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ፣ ስም ሳይጻፍበት ይሸጣል። ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት ከተወሰነም በኋላ በአትክልትና በጫት ላይ ሲረጭ ተገኝቷል። የእኛ ፈቃደኛ ስለ መድኃኒት ሲጠየቅ የሚመልሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ አይከፈት። ጽሑፉ ያለበት እንደ ሆነም ለየትኛው ተክልና ለየትኛው ተባይ፣ ስንት ተበጥብጦ፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም በላዩ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ከዚህ አልፎ መጠን መቀነስም መጨመርም የእሱ ሥልጣን አይደለም። እንዲያውም ለጓሮ ከሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ መድኃኒት አይሹም። ጎመን ላይ የሚርመሰመሰው ክሽክሽ በጊዜ ከታየ በጣት ይደመሰሳል፤ በውሃ ግፊት ይታጠባል፤ ቢበዛም ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ይለቃል። ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ቀይ ጥንዚዛ በቅጠሉ ላይ ከታየች ደግሞ እሷም ልጆቿም ክሽክሹን የሚበሉ ናቸውና አትገደል። የልጆቿን መልክ ሰው ስለማያውቀው «ሌላ ትል መጣብኝ» ብሎ ይጨፈጭፋቸዋል፤ ስለዚህ በሥልጠናው ላይ በሥዕል ብቻ ሳይሆን በእውን መታየት አለባቸው።

ስለ ብስባሽ ብዙ አልጽፍም፤ እርጥቡንና ደረቁን እየደራረቡ፣ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ በሚወጣው ያህል አርጥቦ፣ በየጊዜው ማገላበጥ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚጎድለው ማገላበጡ ነው።

የሚቀረው ሰውን የማናገር ትምህርት ነው። እኛ ተማሪዎች በዚህ ደካሞች ነን። ወደ አንዲት እናት ጓሮ ገብተን «ይህ ትክክል አይደለም» ስንል፣ ያን ጓሮ ሃያ ዓመት እንዳለሙት እንረሳለን። «እስቲ ያሳዩኝ፤ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መጀመር ትሕትና ብቻ አይደለም፤ የምርመራው አንድ ክፍል ነው። ባለ ጓሮዋ ያላየነውን ትናንት አይታለች፣ አምና አይታለች። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት በእድር ቀን ንግግር ከማድረግም፣ ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛ ዘርግቶ «የታመመ ቅጠል ያላችሁ አምጡ» ማለት ይሻላል። በስብሰባ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው፤ ቅጠል ይዘው የሚመጡት ሴቶች ናቸው።

እነሆ እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለአሥር ሳምንት እንማር፤ ይህም 40 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በጓሮ ውስጥ ይሁን። ፈተናው ጽሑፍ ብቻ አይሁን፤ የታመመ ተክል ቀርቦ «ምን ትጠይቃለህ?» ይባል። መልሱን ቸኩሎ የተናገረ ይውደቅ። (እኔ በዚህ ሕግ ወድቄ ነበር።) ያለፈ ሁሉ 40 ሰዓት አገልግሎ ዕዳውን ይክፈል። እያንዳንዱም ደብተር ይያዝ፤ ምን ታየ፣ ምን ተመከረ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲያይ ምን ሆነ። ተመልሶ ያላየው ሰዓት አይቆጠርለት። አዲስ ምክር ሁሉ በጥቂት ተክል ላይ ብቻ ይሞከር፤ የቀረው እንደ ባለ ጓሮዋ ልማድ ይሁን፤ ምክሩ ቢከሽፍ የሚጠፋው ጥቂት ነውና። ከዚህም በላይ የቴረል ነጋዴዎችን አብነት አድርገን፣ ማኅበሩ ጥቂት ችግኝ በራሱ መደብ ላይ አልምቶ ያቆይ፤ በእኛ ምክር የደረቀበት ሰው በምትኩ ይውሰድ። ወጪው ከአንድ የስፖርት ግጥሚያ መስተንግዶ አይበልጥም።

ይህን ከማቅረቤ በፊት በአነስተኛው ሞክሬዋለሁ። በዓመቱ ወደዚያችው እናት ተመልሼ፣ አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ካዘጋጁት ላይ ስድስቱን ከፍ ባለ መደብ እንዲተክሉ፣ ስድስቱን እንደ ልማዳቸው እንዲያደርጉ ለመንኋቸው። ተከሉ፤ እኔ አፈሩን አልነካሁም። ጣታቸውን በአፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ነክረው እርጥበት ካላገኙ ብቻ እንዲያጠጡ ተስማማን። ከፍ ባለው መደብ ላይ ያሉት ስድስቱም አፈሩ። ከሜዳዎቹ አራቱ ያው ቢጫ ሆኑ፤ ሁለቱ ግን ከመደቡ ቲማቲም ይበልጥ አማሩ። እኔ ምክንያቱን ሳሰላስል እሳቸው ሳቁና «እነዚህ እኮ ከጌሾው ሥር አጠገብ ናቸው፤ ውሃውን እሱ ይጠጣላቸዋል» አሉኝ። በመጽሐፌ ውስጥ ጌሾ አልነበረም። በደብተሬ ጻፍሁት።

ወዲያው ደግሞ የሎሚያቸውን ለጋ ቅጠል ቆርጠው ሰጡኝ። ተኮማትሯል፤ በላዩም ቀንድ አውጣ የሄደበት የመሰለ ብርማ መንገድ ተጠማዝዞ ይታያል። «ይህስ ምንድር ነው?» አሉኝ። «አላውቅም እትዬ፤ ቅዳሜ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» አልኋቸው። መምህሬን ብጠይቃቸው በቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ሰርስራ የምትሄድ የአንዲት ትንሽ የእሳት ራት ትል መሆንዋን፣ ትልቁን ዛፍ ብዙ እንደማትጎዳ፣ መርጨትም እንደማያስፈልግ ነገሩኝ። ቅዳሜ ሄጄ ነገርኋቸው። ጎረቤታቸው ግን ሐሙስ ዕለት መድኃኒት በሃይላንድ አምጥተውላቸው ነበር፤ እስክመጣ ድረስ ሳይከፍቱት በአጥሩ ላይ ሰቅለውት አገኘሁት።